ፊት ሳታበላሹ ቆዳን ማስተካከል፦ ለባሕር ዳር ፀሐይ የሚሆን የ8 ሳምንት መመሪያ

መድኃኒት ቤት ስለምሠራ በየቀኑ የሚመጣብኝ ቅሬታ አንድ ነው። «ሁሉንም ሞክሬያለሁ፣ ፊቴ ግን አልጠራም።» ምን ምን እንደሞከሩ ስጠይቅ መልሱም ይመሳሰላል። ሎሚ፣ እርድ፣ ማር፣ የጥርስ ሳሙና፣ ጓደኛ የሰጠችው ክሬም፣ የቫይታሚን ኢ እንክብል። ያውም ሁሉም በ2 ሳምንት ውስጥ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቆዳ ራሱን ለማደስ 4 ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። በ3 ቀን ለውጥ አላየሁም ብላችሁ ወደ ሌላ ከዘለላችሁ፣ የጠቀመውንና የጎዳውን መለየት አትችሉም። ሁለተኛው ስህተት ከመጨረሻው መጀመር ነው። ማርና እሬት የሚመጡት ቆዳው ካረፈ፣ ከፀሐይ ከተከለለና በደንብ ከተመገበ በኋላ ነው። ስለዚህ ከታች ያለውን በተራው ሥሩት። ደረጃ 5ን ከሳምንት 3፣ ደረጃ 6ን ከሳምንት 5 በፊት አትጀምሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. ያለባችሁን ለዩ። ብጉር፣ ማድያት፣ ድርቀትና ቋቁቻ መፍትሔያቸው የተለያየ ነው። ብጉር ያበጠና መግል ወይም ጥቁር ነጥብ ያለው ነው። ማድያት ጉንጭ፣ ግንባርና የላይኛው ከንፈር ላይ በሁለቱም ወገን ተመሳስሎ የሚወጣ ጠቆር ያለ ጥላ ነው። ቋቁቻ ደግሞ ደረት፣ ጀርባና አንገት ላይ የሚበተን፣ ነጣ ወይም ጠቆር ያለ፣ ሲፋቅ ቅርፊት የሚያወጣ ነው። እንደኛ ባለ ሙቀትና ላብ በሚበዛበት ቦታ ቋቁቻ ብዙ ሰው ይይዛል። መነሻው ፈንገስ ስለሆነ ምግብም ማርም አያጠፋውም። መድኃኒት ቤት የፈንገስ መድኃኒት ጠይቁና ይህን መመሪያ ለሌላው ነገር ተጠቀሙበት።

2. የቆዳችሁን ዓይነት እወቁ። ፊታችሁን በለስላሳ ሳሙና ታጠቡ። ምንም ሳትቀቡ 1 ሰዓት ጠብቁ። መላው ፊት ካብለጨለጨ ወዛም ነው። ከተወጠረና ካሳከከ ደረቅ ነው። ግንባርና አፍንጫ ብቻ ካብለጨለጩ ድብልቅ ነው።

3. ፎቶ አንሱ። እሑድ ጠዋት፣ አንድ መስኮት ሥር፣ ያለ ፊልተር። በየሳምንቱ እዚያው ቦታ ድገሙት። መስታወት በየቀኑ ስለምታዩ ለውጡ አይታያችሁም። ፎቶው ግን ያሳያል።

ደረጃ 1፦ ማቆም (ሳምንት 1 እና 2)

ከባዱ ደረጃ ይህ ነው። ሰው መጨመር እንጂ መቀነስ አይወድም።

እነዚህን ዛሬውኑ አቁሙ፦

- ሎሚ። ሎሚ ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። የአክስቴ ልጅ ሠርጓ ሳምንት ሲቀረው ፊቷ እንዲጠራ ብላ ሎሚ ተቀባች፤ ከዚያ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገረች። በማግስቱ ጉንጯ ቀላ፣ በሁለተኛው ቀን ውኃ ቋጠረ። ጥቁሩ ምልክት ለወራት አለቀቃትም። በሠርጓ ፎቶ ላይ ዛሬም ይታያል። ሎሚ ለሰላጣና ለዓሣ ነው።
- የጥርስ ሳሙና። ብጉሩን የሚያደርቅ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ዙሪያውን ማቃጠል ነው።
- የልብስ ሳሙና። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል) 5 አካባቢ ነው። ተራ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። በየቀኑ ሲታጠቡበት ቆዳው መከላከያውን ያጣል።
- ለጋ ቅቤና የኮኮናት ዘይት ብጉር ላለበት ፊት። ቀዳዳውን ይደፍናሉ። ለጸጉርና ለተረከዝ አቆዩአቸው።
- በስኳር ወይም በቡና አተላ መፈግፈግ። ቅንጣቱ ቆዳውን ይቧጭረዋል። የእኛ ቆዳ ደግሞ ሲቧጨር ጥቁር ጠባሳ ይተዋል።
- የቫይታሚን ኢ እንክብል ሰብሮ ጠባሳ ላይ መቀባት። አለርጂና ሽፍታ የሚያመጣበት ሰው ብዙ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ «ማቅያ» ወይም «ፊት ማጥሪያ» እየተባለ የሚሸጥ ክሬም የምትቀቡ ከሆነ ዕቃውን ገልብጣችሁ አንብቡ። ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለ ስቴሮይድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፊት ያጠራል። ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የደም ሥር ያስወጣል፣ ብጉር ያፈላል። ለወራት ከተቀባችሁት በአንድ ጊዜ አትጣሉት፤ ፊቱ ቀልቶና አብጦ ሊነሣ ይችላል። እንዴት እንደምትቀንሱት ሐኪም ይንገራችሁ። ምን እንዳለበት የማይጻፍበት ክሬም ወይም ሳሙና ደግሞ ፈጽሞ አትግዙ። በእንዲህ ያሉ ማንጫዎች ውስጥ ሜርኩሪ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል።

በእነዚህ 2 ሳምንታት የምትሠሩት ደረጃ 2፣ 3 እና 4ን ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ አስተጣጠብ

1. እጃችሁን መጀመሪያ ታጠቡ።
2. ለብ ያለ ውኃ ተጠቀሙ። ትኩስ ውኃ ያደርቃል።
3. ሽታ የሌለው ለስላሳ የፊት ማጠቢያ በጣት ጫፍ 30 ሰከንድ ያህል እሹ። ጨርቅም ስፖንጅም አያስፈልግም።
4. ጸጉር መነሻና አገጭ ሥር ሳሙና እንዳይቀር አጥሩ። እዚያ የሚወጣ ብጉር ብዙ ጊዜ ከቀረ ሳሙናና ከጸጉር ቅባት ነው።
5. በራሳችሁ ፎጣ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁ። ፎጣውን በሳምንት 2 ጊዜ እጠቡ።

በቀን 2 ጊዜ ይበቃል፣ ጠዋትና ማታ። ከባጃጅ ወርዳችሁ አቧራ ከበዛባችሁ ቀን ላይ በውኃ ብቻ ተለቃለቁ።

የሐይቁን ውኃ ለፊት አትጠቀሙ። ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ፊትን መታጠብ ደስ እንደሚል አውቃለሁ፤ እኔም ልጅ ሆኜ እዚያ ነው ያደግሁት። ነገር ግን የብልሃርዝያ ትል በዳርቻው ውኃ ውስጥ ይኖራል፤ የሚገባውም በጤነኛ ቆዳ በኩል ነው። ውኃው ውስጥ ቆማችሁ ከወጣችሁ በኋላ ካሳከካችሁ፣ ወይም ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ደም የቀላቀለ ሰገራ ካያችሁ ተመርመሩ።

ደረጃ 3፦ ማለስለስ

ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። ቅባት እርጥበትን ቆልፎ ያቆያል እንጂ ራሱ እርጥበት አይሰጥም። ስለዚህ ፊቱ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ በታጠባችሁ 3 ደቂቃ ውስጥ ተቀቡ።

ለወዛም ፊት፦ ቀለል ያለ፣ ዘይት የሌለው ሎሽን። «ወዛም ነኝ» ብላችሁ አትዝለሉት።

ለደረቅ ፊት፦ ወፍራም ክሬም። ለተሰነጠቀ ከንፈር፣ ክርንና ተረከዝ ባዝሊን በቂ ነው፤ ውድ ነገር አትፈልጉ።

ግሊሰሪን የምትወዱ፦ ብቻውን አትቀቡት። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ሲደርቅ ያልተበረዘ ግሊሰሪን ከቆዳችሁ ውኃ ይስባል፤ ፊቱም ይብሳል። 1 እጅ ግሊሰሪን በ3 እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በርዙ። እርጥብ ፊት ላይ ተቀቡ። ድብልቁን ከ1 ሳምንት በላይ አታስቀምጡ።

ደረጃ 4፦ ከፀሐይ መከለል

ማድያትና የብጉር ጥቁር ምልክት ያለበት ሰው ይህን ከዘለለ ሌላው ልፋት ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በዚያ ላይ ከምድር ወገብ ብዙም አንርቅም። ሐይቁም ከሥር ብርሃን ይመልስብናል።

1. ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለው ፀሐይ ዋናው ነው። የገበያና የእግር መንገድ ሥራችሁን ከዚያ በፊት ወይም በኋላ አድርጉ።
2. ጥላ ያዙ፣ ሰፊ ኮፍያ አድርጉ፣ ነጠላችሁን አናት ላይ ጣል አድርጉ። ዋጋ የማያስወጣውና የማይረሳው መከላከያ ይህ ነው።
3. ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም ግዙ። ልኩ በአመልካችና በመሐል ጣት ርዝመት የተጨመቀ ሁለት መስመር ነው፤ ለፊትና ለአንገት። ብዙ ሰው የሚቀባው የዚህን ሩብ ነው፤ ከዚያ «አልሠራልኝም» ይላል።
4. ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ በፊት ተቀቡ። ውጭ ከሆናችሁ በየ2 ሰዓቱ ድገሙ።
5. ፊታችሁን አመድ ካስመሰለው ቀለም ያለውን ዓይነት ጠይቁ። ለማድያት እንዲያውም እሱ ይሻላል፤ ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ የሚታየውንም ብርሃን ይከላከላል።

ደመና ነው ብላችሁ አትተዉት። በክረምትም ጨረሩ ደመናውን አልፎ ይመጣል።

ደረጃ 5፦ ምግብ (ከሳምንት 3 ጀምሮ)

አሁን ወደ ቅዳሜ ገበያ እንውረድ። ለቆዳ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር እዚያ ዘንቢል ውስጥ ይገባል። ችግሩ አበሳሰላችን ላይ ነው።

ቫይታሚን ኤ። ካሮት፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ብርቱካናማ ስኳር ድንች። ይህ ቫይታሚን ያለ ስብ በደንብ አይመጠጥም። ጥሬ ካሮት ብቻውን ከመብላት ትንሽ ዘይት ጠብ ያለበት የተቁላላ ካሮት ይሻላል። ጎመናችሁንም ያለ ዘይት ቀቅላችሁ አትብሉ፤ አቮካዶ ከጎኑ ብታደርጉም ይሆናል። ከመራዊ በኩል ከቆጋ መስኖ የሚመጣው አቮካዶ ለዚህ ጥሩ ነው። አቮካዶውን ፊት ላይ ከመለጠፍ መብላቱ የበለጠ ይጠቅማል። መዳፋችሁ ቢጫ ከሆነ ካሮት አብዝታችኋል ማለት ነው፤ አይጎዳም፣ ቀንሱ።

ቫይታሚን ሲ። ቆዳን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን ያለ እሱ አይሠራም። አንድ ሴት በቀን 75፣ አንድ ወንድ 90 ሚሊግራም ይበቃቸዋል። 100 ግራም ዘይቱን ከ200 ሚሊግራም በላይ አለው፤ አንድ ፍሬ በቀን በቂ ነው። ፓፓያ፣ ብርቱካንና ጥሬ ቃሪያም ጥሩ ናቸው። እሳት ከዚህ ቫይታሚን ብዙውን ያጠፋል። ስለዚህ ቃሪያውን ጥሬውን፣ ፍራፍሬውን እንዳለ ብሉ። ጎመን ሲቀቀል ውኃውን አትድፉት፣ እዚያው ይምጠጥ።

ዚንክ። ቁስል እንዲሽር ይረዳል። ሥጋ፣ ሽምብራ፣ ምስርና የዱባ ፍሬ ውስጥ አለ። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ግን ዚንኩንና ብረቱን ይዞ አይለቅም። መፍትሔው ቤታችን አለ፦ ሊጡ በደንብ ይቡካ። መቡካት ፋይቴቱን ይቀንሳል። ሽምብራና ምስሩንም አድራችሁ ዘፍዝፉ።

ተልባ። ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ስብ ጥሩ ምንጭ ነው። ሳይፈጭ ከተበላ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ስለዚህ መጠነኛ ማመስ፣ መፍጨት፣ በቀን 1 የሾርባ ማንኪያ። የተፈጨው ቶሎ ይሻግታል፤ ከሳምንት በላይ የሚበቃ አትፍጩ።

ዓሣ። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ስቡ ትንሽ ስለሆነ ኦሜጋ 3ቱን ከተልባ ፈልጉት። ፕሮቲኑና ቫይታሚን ቢ12ቱ ግን ለቆዳ ትልቅ ነገር ነው። ወጥ ወይም ጥብስ አድርጉት። ጥሬ ዓሣ አትብሉ።

ቫይታሚን ኢ። ኦቾሎኒና የሱፍ አበባ ፍሬ። አንድ እፍኝ ከሻይ ጋር። እንክብሉን እርሱት።

በጾም ወቅት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል ሲቀር ቢ12 እና ዚንክ ይቀንሳሉ። ሽሮና ምስሩን አዘውትሩ፣ ኦቾሎኒና የዱባ ፍሬ ጨምሩ። በጾም ዓሣ የምትበሉ ከሆነ በሳምንት 2 ጊዜ ይበቃል። የአፋችሁ ጥግ በተደጋጋሚ ከተሰነጠቀ የብረት ወይም የቢ ቫይታሚኖች እጥረት ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ጠይቁ።

የሚቀነስ። ብጉር ያለባችሁ ለስላሳ መጠጥ፣ ኬክና ስኳር የበዛበት ሻይ ለ6 ሳምንት ቀንሱና ፎቶውን እዩ። ወተት የሚያባብስባቸው ሰዎችም አሉ። ውኃ ሲጠማችሁ ጠጡ፤ 5 ሊትር በመጠጣት ግን ፊት አይጠራም።

ስለ ኪኒን አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ። የቫይታሚን ኤ ኪኒን በራሳችሁ አትጀምሩ። በዝቶ ከተወሰደ በጉበት ይከማቻል፤ እርጉዝ ሴት ከወሰደችው ፅንሱን ያጎድላል። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ለማርገዝ ካሰባችሁ ጉበት ደጋግሞ መብላትንም ተዉ፤ 100 ግራም የበሬ ጉበት የቀኑን ፍላጎት በብዙ እጥፍ ያልፋል። ለጸጉርና ለጥፍር ብላችሁ ባዮቲን (ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ) የምትውጡ ደግሞ የደም ምርመራ ስታደርጉ ለላብራቶሪው ንገሩ። የእንቅርትና የልብ ምርመራን ውጤት ያዛባል።

ደረጃ 6፦ የቤት ውስጥ መድኃኒት (ከሳምንት 5 ጀምሮ)

መጀመሪያ ሙከራ። የመረጣችሁትን ነገር በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ፣ የ1 ብር ሳንቲም በምታህል ቦታ ቀቡ። 15 ደቂቃ አቆይታችሁ እጠቡ። 48 ሰዓት ጠብቁ። ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ካበጠ ፊት ላይ አይወጣም። ይህ ሙከራ የማይዘለል ነው።

ከዚያ አንድ ብቻ ምረጡ። ሁለት አትቀላቅሉ።

ማር (ለደረቅና ለብጉራም ፊት)
1. ያልተበረዘ ማር 1 የሻይ ማንኪያ አዘጋጁ። ስኳር የገባበት ማር ከማጣበቅ በቀር የሚሠራው የለም።
2. ፊታችሁን ታጠቡና ትንሽ እርጥብ ተዉት።
3. በስሱ ቀብታችሁ 15 ደቂቃ ተቀመጡ። ዓይን ሥር አታድርሱ።
4. ለብ ባለ ውኃ አጥሩ፣ ወዲያው ደረጃ 3ን ቀጥሉ።
5. በሳምንት 2 ጊዜ፣ ማታ። ለንብ ወይም ለአበባ ብናኝ አለርጂ ካለባችሁ አትንኩት።

እሬት (ፀሐይ ለመታው ፊት)
ሰው የሚያቃጥለው ቢጫውን ፈሳሽ አብሮ ስለሚቀባ ነው።
1. ወፍራም ቅጠል ከሥሩ ቁረጡ።
2. የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ ብርጭቆ ውስጥ 15 ደቂቃ አቁሙት። ቢጫው ይውረድ።
3. እጠቡት፣ እሾሁንና ልጣጩን አንሡ፣ ደግማችሁ እጠቡት።
4. መስታወት የመሰለውን ውስጡን ብቻ በስሱ ተቀቡ።
5. የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ ከ2 ቀን በላይ አታቆዩ። አትጠጡት።

አጃ (ለሚያሳክክ ቆዳ)
2 የሾርባ ማንኪያ አጃ እንደ ዱቄት አድቅቁ። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ውስጥ በጥብጡ። ውኃው ወተት ሲመስል ንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ የሚያሳክከው ላይ 10 ደቂቃ አቆዩ። ካልነጣ አጃው አልደቀቀም፤ ደግማችሁ ፍጩት።

እርድን አልመክርም። ፊት ላይ ቢጫ ይቀራል፣ ልብስ ያበላሻል፣ ጥቅሙም ያን ያህል አይደለም።

ነገሩ ሲበላሽ

ካቃጠለ። 15 ደቂቃው ይሙላ ብላችሁ አትታገሡ። በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ እጠቡ። ለ5 ቀን ማጠቢያ፣ ሎሽንና ጥላ ብቻ።

ከንፈር ወይም ዓይን ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ። ወዲያውኑ ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ። ነገ አይባልም።

ብጉር ካፈረጣችሁ። እጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ደሙን አቁሙ፣ ባዝሊን በስሱ ቀቡ፣ አትነካኩት። እስኪሽር ከፀሐይ ከልሉት፤ ጥቁሩን ምልክት የሚያጸናው ፀሐዩ ነው።

አዲሱ ሎሽን ብጉር ካወጣ። እሱን ብቻ አቁሙ፣ ሌላውን አትቀይሩ። 2 ሳምንት ቆይታችሁ እዩ።

አንድ ሳምንት ከዘለላችሁ። ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ለማካካስ ደጋግማችሁ አትቀቡ።

በ8ኛው ሳምንት

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጉ። ከተሻለ ደረጃ 2፣ 3፣ 4 እና ምግቡን ቀጥሉ፤ የቤት መድኃኒቱን ብትተዉም ይሆናል። ብጉሩ እንዳለ ከሆነ መድኃኒት ቤት 2.5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለውን የሚቀባ የብጉር መድኃኒት ጠይቁ። መጀመሪያ አንድ ቀን እየዘለላችሁ፣ ማታ በስሱ ተቀቡ። ፎጣና ትራስ ልብስ ያነጣል፣ ነጭ ተጠቀሙ። እሱም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል።

እነዚህን ግን 8 ሳምንት አትጠብቁባቸው፦ ነጣ ብሎ ሲነካ ስሜት የሌለው ቆዳ፣ የማይሽር ቁስል፣ ቅርጹን ወይም ቀለሙን የቀየረ ጥቁር ነጥብ፣ ጠባሳ የሚተው ጠንካራና የሚያም ብጉር፣ ሌሊት የሚብስና ቤተሰቡን ሁሉ የያዘ ማሳከክ። ስሜት የሌለው ቆዳ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት ይድናል፤ ቶሎ ከተጀመረ ጉዳት አይተውም። መጀመሪያ የቀበሌያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ካስፈለገ ሪፈር ጽፈው ወደ ሆስፒታል ይልኳችኋል።

ስትሄዱ ሁለት ነገር ያዙ፦ ስልካችሁ ላይ ያለውን የ8 ሳምንት ፎቶ፣ እና እስከዛሬ የተቀባችሁትን የክሬም ዕቃ ሁሉ፣ ባዶውንም ጭምር።